ስለ ጉሮሮ ነቀርሳ ምርምር፤ ከይፋት የሚሄደው ቃል ተመልሶ ይመጣል ወይ?



ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን አስተያየት በአንባቢያን ደብዳቤ ዐምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጽሑፉ ረዘም ያለ በመሆኑ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ነገሩ ግን በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የሚይዙትን፥ ደብዳቤ የሚፈርሙትንና ውል የሚያረቅቁትን ሠራተኞች በቀጥታ የሚመለከት ስለሆነ እስከ መጨረሻው እንደሚያነቡልኝ ተስፋ አለኝ።

እኔ ከአንኮበር በታች በይፋት ቈላ አፋፍ ላይ በምትገኘው በአሊዩ አምባ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። በጐረቤቴ አንድ ሸማኔ ሽማግሌ አሉ፤ ስማቸውን እዚህ መጥራት አያስፈልግም። አምና ድምፃቸው ይጐረንን ጀመር። በመጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ፤ ቀጥሎም የጥጥ ብናኝ ነው ተባለ። ወራት ካለፉ በኋላ በአንገታቸው በስተግራ በኩል እብጠት ወጣ። አንዱ እንቅርት ነው አለ፤ ሌላው እንጥል ማስቈረጥ ይበጃል ብሎ መከረ። በዚህ ሁኔታ ስምንት ወር ካለፈ በኋላ ከአንዱ ሐኪም ቤት ወደ ሌላው እየተላኩ አዲስ አበባ ደረሱ፤ እኔም የክረምት ዕረፍት ስለነበር አብሬአቸው ሄድሁ። ሐኪሞቹም ከጉሮሮአቸው ጥቂት ሥጋ ወስደው ከመረመሩ በኋላ የማንቍርት ነቀርሳ፥ ዛሬ ካንሰር የምንለው፥ መሆኑን ነገሩን።

በማግሥቱ ሁለት ወጣት ሐኪሞች አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። የሽማግሌውን የሕመም ታሪክና ከተቈረጠው ሥጋ ጥቂቱን ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ጋር አብረው ለሚያካሂዱት ጥናት ለመጠቀም ፈቃዳቸውን ጠየቁ። ስማቸው እንደማይጻፍ፥ እምቢ ቢሉም ሕክምናቸው እንደማይቀር በጨዋነት አስረዱ። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና በዚያ በጐረነነ ድምፃቸው፥ «ይህ የምሰጣችሁ ቃል ባሕር ተሻግሮ ሲሄድ ተመልሶ ይመጣል ወይ? ወይስ እንደሄደ ይቀራል?» ብለው ጠየቁ። ሐኪሙም ውጤቱ በሳይንስ መጽሔት ላይ እንደሚታተም መለሰ። «በምን ቋንቋ?» አሉ። በእንግሊዝኛ መሆኑን ነገራቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፥ አንተ ምን ትላለህ?» አሉኝ።

እኔ በዚያ ሰዓት የምመልሰው ቃል አልነበረኝም። የዚህ ደብዳቤ ምክንያትም ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን እያነበብሁ፥ የማውቃቸውንም ሐኪሞች እየጠየቅሁ የደረስሁበት ሐሳብ፥ ቃሉ መሄድ አለበት፤ ነገር ግን እንደ ስጦታ ሳይሆን እንደ ውል መሄድ አለበት የሚል ነው።

በመጀመሪያ ስለ በሽታው ጥቂት ልናገር። የራስና የአንገት ነቀርሳ የሚባለው አንድ በሽታ አይደለም። በከንፈር፥ በምላስ፥ በላንቃ፥ በጉሮሮ፥ በማንቍርት፥ ከአፍንጫ ጀርባና በምራቅ ዕጢዎች ላይ የሚነሡትን ሁሉ የሚያጠቃልል ስም ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው የአፍንና የጉሮሮን ውስጥ ከሚሸፍነው ስስ ልባስ ነው። ትንባሆና የአልኮል መጠጥ ዋናዎቹ አምጪዎች መሆናቸው ከታወቀ ቈይቷል፤ የማኅፀን በር ነቀርሳን የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የተባለው ቫይረስም ጉሮሮን እንደሚያጠቃ በኋላ ተረጋግጧል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2022 የከንፈርና የአፍ ነቀርሳ ብቻ በዓለም ላይ ወደ 390,000 የሚጠጉ አዲስ ሕሙማን እንዳስከተለ ተገምቷል።

የእኛ ሽማግሌ ግን ሲጃራ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም፤ መጠጥማ በሃይማኖታቸውም ክልክል ነው። ያላቸው ልማድ አንድ ነው፤ ከአርባ ዓመት በላይ ጫት ቅመዋል። ታዲያ ሕመማቸውን ያመጣው ጫቱ ነውን? ይህን ጥያቄ በይፋት ውስጥ ማንም ሰው በልቡ ይጠይቀዋል፤ ጮክ ብሎ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱም ጫት ለብዙው ገበሬ የልጆቹ ደብተርና ልብስ ነው፤ ለመንግሥትም ከውጭ ንግድ የሚገኝ ገንዘብ ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የተሞከረውን ባነብ ያገኘሁት አስገረመኝ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1991 የየመን ጐረቤት ከሆነው የሳዑዲ ዐረቢያ ክፍል፥ ከዐሲር የወጣ አንድ ጽሑፍ አለ። እዚያ በሁለት ዓመት ውስጥ የታዩት የራስና የአንገት ነቀርሳ ሕሙማን 28 ነበሩ። ከእነዚህም ውስጥ 10ሩ ሃያ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ጫት የቃሙ፥ ሲጃራ ግን የማያጨሱ ሰዎች ነበሩ። ሐኪሞቹ ያዩትን በቅንነት ጽፈዋል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ከ10 ሰዎች ተነሥቶ በአንድ ተክል ላይ መፍረድ አይቻልም። በዚያ አገር ስንቱ ጤነኛ ሰው ጫት ይቅማል? ይህ ካልታወቀ የአሥሩ ነገር ጥርጣሬን ከማንቃት አልፎ አይሄድም። በአገራችንም በአዲስ አበባ በተደረገና በአውሮፓ አቈጣጠር በ2017 በታተመ ጥናት ጫት ከጉሮሮ በታች ካለው የምግብ ቧንቧ ነቀርሳ ጋር ተያይዞ ታይቷል፤ የተጠኑት ሕሙማን ግን መቶ እንኳ ስለማይሞሉ አጥኚዎቹ ራሳቸው ሥራቸውን የሙከራ ጥናት ብለውታል።

አንባቢ ምናልባት «ታዲያ ብዙ ሰው አይቈጥሩም?» ይል ይሆናል። ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ጫት የሚቅም ሰው ብዙውን ጊዜ ሲጃራ ያጨሳል፤ በከተማም ከጫት በኋላ «ጨብሲ» እየተባለ ይጠጣል። ስለዚህ አንድ ቃሚ ሲታመም ጥፋተኛው ቅጠሉ ይሁን ጢሱ ወይም መጠጡ መለየት አይቻልም። በዚህ ላይ በአገራችን ጫት ቅጠል ላይ የዲዲቲ ቅሪት መገኘቱ በጥናት ታይቷል፤ ቅጠሉ ንጹሕ ሆኖ መድኃኒቱ በዳይ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ለያይቶ ለማየት የሚያስፈልጉት ልክ እንደ እኛ ሽማግሌ ያሉ፥ አንዱን ልማድ ብቻ የያዙ ሰዎች ናቸው። እነዚህም በአንድ አገር ውስጥ ጥቂት ስለሆኑ የሚበቃ ቍጥር የሚገኘው ከይፋት፥ ከሐረርጌ፥ ከየመን፥ ከኬንያ፥ ከጅቡቲ የሚሰበሰበው አንድ ላይ ሲደመር ብቻ ነው። የየመን ገበሬና የሐረርጌ ገበሬ የሚረጩት መድኃኒት አንድ ካልሆነ፥ ሁለቱን ማስተያየት ቅጠሉን ከመድኃኒቱ ይለያል። አንድ አገር ብቻውን ይህን ሊያደርግ አይችልም።

ይህ በሐሳብ ብቻ የምናገረው አይደለም፤ በሌላው ዓለም ተደርጎ ታይቷል። በሕንድና በሩቅ ምሥራቅ ሕዝቡ አሬካ የተባለ ፍሬ በቅጠል ጠቅልሎ ያላምጣል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1985 በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ የሚገኘው፥ በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ያለው የነቀርሳ ምርምር ድርጅት ነገሩን መርምሮ፥ ፍሬው ከትንባሆ ጋር ሲላመጥ ነቀርሳ እንደሚያመጣ አረጋገጠ፤ ያለ ትንባሆ ስለሚላመጠው ግን ማስረጃው አይበቃም አለ። በሕንድ አገር ብዙው ሰው ሁለቱን ደባልቆ ስለሚያላምጥ መለየት አልተቻለም ነበርና ነው። በታይዋን ግን ሕዝቡ የሚያላምጠው ያለ ትንባሆ ነው። የታይዋኖቹ ጥናት ሲጨመር የድርጅቱ ሊቃውንት በ2003 እንደገና ተሰብስበው፥ ትንባሆ ባይኖርበትም ነቀርሳ እንደሚያመጣ ወሰኑ፤ ውሳኔውም በ2004 ታተመ። የሕንድ ሐኪም ለብዙ ዓመታት ያጣው መልስ በታይዋን ሰዎች አፍ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ስለ ጫት እንዲህ ያለ ቍርጥ ፍርድ እስካሁን አልተሰጠም።

ትንባሆንና መጠጥንም ለያይቶ ለመመዘን የተደረገው እንዲሁ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2004 የልዩ ልዩ አገር አጥኚዎች «ኢንሃንስ» የተባለ ማኅበር አቋቁመው፥ እያንዳንዱ በየአገሩ የሰበሰበውን መዝገብ በአንድነት አቀረበ። በ2007 ባወጡት ጽሑፍ ከ15 ጥናቶች ከ10,000 በላይ ሕሙማንና ከ15,000 በላይ ጤነኞች አንድ ላይ ታዩ። ከዚያ ሁሉ ሕመምተኛ መካከል ትንባሆ ቀምሰው የማያውቁት አንድ ሺህ ገደማ ብቻ ነበሩ። ይህም ድምሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ያሳያል፤ አንድ ሆስፒታል ብቻውን ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ሰው ሃያም ላያገኝ ይችላል። በኋላም ማኅበሩ 35 ጥናቶችን፥ 25,500 ሕሙማንንና 37,100 ጤነኞችን እስከ መያዝ ደርሷል።

እንግዲህ የእኛ መዝገብ የት አለ? በአዲስ አበባ ከተማ በ2004 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተቋቋመ የነቀርሳ መዝገብ አለ። ይህ መዝገብ ከጀርመን አገር ከሃሌ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ጋር ሠርቷል፤ በአፍሪካ የነቀርሳ መዝገቦች ማኅበርም አባል ነው። ስለ መላው ኢትዮጵያ በሊዮን የሚወጣው ግምትም በብዙው የተመሠረተው በዚሁ መዝገብ ላይ ነው። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን መዝገቡ የከተማውን ሕዝብ በሽታ ለመመዘን የቆመ ስለሆነ የሚቈጥረው የአዲስ አበባን ነዋሪ ነው፤ ሌላ ሊሆንም አይችልም፤ ከየአገሩ የመጣውን ሕመምተኛ በከተማው ሕዝብ ላይ ቢያካፍል ስሌቱ ይፋለሳልና። እንግዲህ የእኛ ሽማግሌ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ታክመው እንኳ በዚያ ስሌት ውስጥ አይገቡም። በይፋት ደግሞ የሚገቡበት መዝገብ የለም። በጉሮሮው አብጦ በቤቱ የሞተውማ ከመቃብሩ በቀር ምልክት የለውም። በዓለም መዝገብ ላይ ስለ ይፋት የሚነገረው የአዲስ አበባ ሰው ጉሮሮ የነገረው ነው።

ሌላው ችግር የቃል ነው። በአማርኛ «ነቀርሳ» ስንል አንዳንዴ ካንሰርን፥ አንዳንዴም ሳል የሚያስከትለውን የሳንባ ነቀርሳን ማለታችን ነው። በአንድ የካርድ ክፍል መዝገብ ላይ «የአንገት ነቀርሳ» ተብሎ ቢጻፍ፥ ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃል? የሁለቱም በሽታ እብጠት በአንገት ላይ ይወጣል። የእኛን ሽማግሌ ወረቀቶች በቅደም ተከተል አስቀምጬ ባያቸው አንዱ «የጉሮሮ ሕመም»፥ አንዱ «የአንገት እብጠት»፥ ሌላው «ዕጢ» ይላል፤ ሦስቱም ስለ አንድ ሰው አንድ በሽታ የተጻፉ ናቸው።

የዚህ መድኃኒት ለአሊዩ አምባ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከተጁራና ከሐረር የሚመጣው ነጋዴ የሚያርፍበት ትልቁ ገበያ አሊዩ አምባ ነበር፤ በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት መልክተኛ ሻለቃ ሃሪስም ወደ አንኮበር የወጣው በዚሁ በኩል ነው። ቋንቋቸው የማይገናኝ ነጋዴዎች የሚገበያዩት በማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። ሰዉም ብሩን ሲቀበል በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች እየቈጠረ፥ የተፋቀ እንደሆነ ይመልሰው ነበር። በነቀርሳ ምርምርም እንዲህ ያለ የጋራ ብር አለ። የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው የነቀርሳ መለያ ቍጥር ማንቍርት በላቲን ፊደል ሲ 32 ነው፤ የምላስ ሥር ሲ 01 ነው። ይህ ቍጥር በአሊዩ አምባም በሙምባይም አንድ ነው። የጤና ጣቢያው ጸሐፊ ከቃሉ አጠገብ ይህን ቍጥር ቢጽፍ፥ ሕመምተኛው ተወልዶ ያደገበትንና የሚኖርበትን ወረዳ፥ ስንት ዓመት እንደቃመ፥ ስንት ዓመት እንዳጨሰም ቢጨምር፥ ያ ካርድ በየትም አገር ይመነዘራል። ያለዚያ የተፋቀ ብር ነው።

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልምጣ። «የውጭ ሰው ወስዶ ይጠቀምበታል» የሚለው የሽማግሌዎች ስጋት መሠረት የለውም ማለት አልችልም። በ1997 ዓ.ም. መንግሥታችን ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ውል ተዋዋለ። ዘሩ ሄደ፤ የጤፍን ዱቄት አዘገጃጀት ኩባንያው በስሙ አስመዘገበ፤ ቀጥሎም ከሰረ፤ የባለመብትነቱ ወረቀት ግን ወደ ሌላ እጅ ተላለፈ። አገራችን ከውሉ ይኸ ነው የሚባል ጥቅም አላገኘችም። በመጨረሻ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2018 የሔግ ፍርድ ቤት የባለመብትነቱን ወረቀት ሻረው፤ ይህም የሆነው በእኛ ክስ ሳይሆን ሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች እርስ በርሳቸው ስለተካሰሱ ነው። እኔ ይህን የማነሣው በር እንዲዘጋ አይደለም። ከጤፉ ነገር የሚታየው ውል መጻፍ ብቻ እንደማይበቃ ነው፤ ከውሉ በኋላ የሄደውን የሚከታተል፥ የቀረውን የሚጠይቅ ሠራተኛ በወንበሩ ላይ መኖር አለበት። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የሒሳብ መምህራችን ወጪው ብቻ ተጽፎ ገቢው ባዶ የሆነ ገጽ ሲያይ ደብተሩን ይመልስልን ነበር።

ደግሞም ሁሉም ወጥቶ አልቀረም። የኖርዌይ መንግሥት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1856 የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በአገር አቀፍ መዝገብ ማስገባት ጀመረ። በዚያው አገር ሐንሰን የተባለው ሐኪም በ1873 የበሽታውን ተሕዋስ አገኘ፤ በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ሲከራከርም መዝገቡ ማስረጃው ነበር። በ1970 በኖርዌይና በስዊድን ርዳታ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የምርምር ድርጅት በዚህ ሐኪም ስም አርማወር ሐንሰን ተብሎ ይጠራል፤ ዛሬም በእኛው ሰዎች እጅ ይሠራል። ዕውቀትም ከሰሜን ወደ ደቡብ ብቻ አይፈስም። በ2015 ከሙምባይ የታታ ሆስፒታል የወጣው ጥናት፥ የአፍ ነቀርሳ በመጀመሪያ ደረጃ ሲገኝ የአንገቱን ዕጢዎች ሳያብጡ አብሮ ማውጣት ወይስ እስኪያብጡ መጠበቅ ይሻላል የሚለውን ክርክር ቈረጠው። አብሮ ከወጣላቸው ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ከመቶ 80 ሲሆኑ፥ ከተጠበቀባቸው ግን 67.5 ነበሩ። ይህን ያወቅነው የሕንድ ሕሙማን ቃላቸውን ስለሰጡ ነው፤ የእኛም ቀዶ ጥገና ሐኪም ይህን ሲያነብ የሚከፍለው ዕዳ የለም።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፥ ይህ ጉዳይ በጠረጴዛችሁ ላይ ያልፋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 የሰውን የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚያሻቸው ወገን አስገብቶታል፤ ወደ ውጭ አገር ለሚተላለፈውም ደንብ አበጅቷል። አዋጁ ግን በር ጠባቂ ነው እንጂ ነጋዴ አይደለም። ምን ይዘን እንመለስ የሚለው በየውሉ መጻፍ አለበት። በእኔ አስተያየት ሥጋው ከመሄዱ በፊት ግማሹ እዚሁ ይቀመጥ፤ መዝገቡ ሲደመር የእኛም አጥኚ ድምሩን የማየትና የመመርመር መብት ይኑረው፤ ወጣት ሐኪሞቻችን መረጃ ሰብሳቢ ብቻ ሳይሆኑ መርማሪ ይሁኑ። ከሁሉም በላይ ውጤቱ በአማርኛና ሕመምተኛው በሚሰማው ቋንቋ በአንድ ገጽ ተጽፎ ወደ መጣበት ወረዳ ይላክ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ወጪ የለውም፤ ቴምብርና አንድ ታይፒስት ይበቃዋል፤ ነገር ግን በየትኛውም ጥናት ሲደረግ አላየሁም። ይህ ካልተደረገ በሚቀጥለው ጊዜ ሐኪሞቹ ወደ ይፋት ሲመጡ የሚያናግራቸው ሽማግሌ ላያገኙ ይችላሉ፤ የይፋት መረጃ በሌለበትም ስለ ጫት የሚፈረደው ፍርድ ጉድለት ይኖረዋል። ጫቱ በደለኛ ከሆነ ልጆቻችን ይወቁት፤ በደለኛው የሚረጨው መድኃኒት ከሆነም ገበሬው ተክሉን ሳይነቅል የሚድንበት መንገድ አለ። ሁለቱንም የሚለየው ያ ወረቀት ነው።

ሽማግሌው በዚያን ቀን የሆነውን ልጨርስ። መልስ ባጣሁ ጊዜ ራሳቸው መላ ፈጠሩ። በወረቀቱ ኅዳግ ላይ «ውጤቱ ሲታወቅ ለአሊዩ አምባ ሰዎች በአማርኛ ይነገር» የሚል ቃል በእጄ እንድጽፍ አዘዙኝ። ወጣቶቹ ሐኪሞች ተያይተው ፈገግ አሉና ተስማሙ፤ ከሥሩም ፈረሙ። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን አተሙ። አንዱ ቅጂ በእኔ ዘንድ በትምህርት ቤት መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። እርሳቸውም የጨረር ሕክምናቸውን ጨርሰው ተመልሰዋል፤ ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆኗል፤ ሸማቸውን ግን ይሠራሉ። በበራቸው ሳልፍ ማጉን እንደያዙ ቀና ይሉና «መጣ ወይ?» ይሉኛል። «ገና ነው፥ አባቴ» እላቸዋለሁ።



አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአሊዩ አምባ